ከዚህ በፊት ያልተሰማ ታሪክ

እንቢ አለ እንቅልፉ፤ እንቢ ካለ ደግሞ ለምኖ የሚያመጣው የለም። መስኮቱ ላይ የሰቀለችው ብርድ ልብስ በአንድ ጥጉ ወልቆ የቀኑ ብርሃን በቀጭኑ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተጋድሟል፤ ተነስታ ልታስተካክለው ይገባ ነበር፣ አልተነሳችም። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስና ስታጥፍ ያደረች ሴት ጠዋት ገብታ ጎኗን ስታሳርፍ እንቅልፍ ሳይጠራ መምጣት ነበረበት፣ ሌላ ጊዜም ይመጣል፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የሚደፋት ቀን አለ፤ ዛሬ ግን ስልኳ ትራሷ ሥር አለ፣ ስልኳ ውስጥ ያ ኢሜይል አለ፣ ኢሜይሉ ውስጥ ደግሞ ያቺ መስመር አለች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነው የከፈተችው፣ አንድ እጇ ብረቱን ይዞ፣ አንድ እጇ ስልኩን፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተጣበቀ። «አጭር ልቦለድዎ ወደ መጨረሻው ዙር ማለፉን ስንገልጽልዎ ደስታ ይሰማናል» ይላል፤ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ምናልባት ለሌላ ሰው የተላከ ይሆናል ብላ አድራሻውን አየች፣ የራሷ ነው፣ ቀና ስትል መውረጃዋን አልፋለች። በእግሯ ስትመለስ ብቻዋን ትስቅ ነበር፣ ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ ዘወር ብሎ አያት፣ ይይ፣ ምን ቸገራት። ክፍሏ ገብታ፣ እጇን ታጥባ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው የቀረውን ያነበበችው። «ታሪኩ ከዚህ በፊት በየትኛውም መንገድ፣ በጽሑፍም ሆነ በድምፅ፣ ለሕዝብ አለመቅረቡን እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን እንጠይቃለን።» ዛሬ ሐሙስ ነው። በድምፅ። «በጽሑፍ» ብለው ቢያቆሙ ምን ነበረበት? በድምፅ የምትለዋን ቃል ማን ጨመራት? ደስታዋ ገና ሳይሞቃት ይኸው አሁን ጣሪያው ላይ አፍጣ ተኝታለች።

ይህን ውድድር ለማግኘት ያየችውን አበሳ እሷና ስልኳ ናቸው የሚያውቁት። በእረፍት ሰዓት፣ ያልታጠበ ፎጣ የታጨቀበት ከረጢት ላይ ተቀምጣ፣ «አጭር ልቦለድ የሚቀበል መጽሔት» ብላ ስትፈልግ መጀመሪያ የመጣላት የሠርግ ካርድ የሚያትም ቤት ነበር። ከዚያ አንድ መጽሔት አገኘች፣ ስሙ ያማረ፣ ሽፋኑ ያማረ፣ «በቅርቡ እንመለሳለን» ይላል፣ ይህን ካለ ዓመታት አልፈዋል፣ የተመለሰ ግን የለም። ሌላው በአገር ውስጥ ነዋሪ ለሆኑ ጸሐፊዎች ብቻ ይላል፤ እሺ ብላ እዚህ ያለውን ብታስስ እዚህ ያለው ደግሞ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ነው የሚፈልገው፣ በዚያ ቋንቋ እሷ አጥርታ የምታውቀው የሳሙና ዓይነቶችንና የአለቃዋን ቁጣ ነው። እዚያ የለችም፣ እዚህም ገና አልደረሰችም፤ ታዲያ ለመጽሔት ሲሆን ሰው የት ነው የሚኖረው? አንዱ ለወጣቶች፣ አንዱ ለተማሪዎች፣ አንዱ ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምር ልቦለድ የሚፈልግ፣ እሱንም ትንሽ አስባበታለች፣ አትዋሽም። አንድ አዘጋጅ ግን መለሰላት፣ እግዜር ይስጠው፤ ታሪኳን በአንድ ትንፋሽ እንዳነበበው፣ መጽሔቱ ግን ከተዘጋ እንደቆየ፣ እሱም አሁን የቤት ዕቃ እንደሚሸጥ ጻፈላትና ሶፋ የሚፈልግ ዘመድ ካላት እንድትልክለት ጠየቃት። ሌሎች ሰዎች አንዱን ታሪክ ለየመጽሔቱ ይበትናሉ አሉ፤ እሷ «ለሌላ ያልተላከ» የሚል ደንብ ካየች እንደታጨች ልጅ ሌላ ሳታይ ትጠብቃለች፣ ወቅቱ ይለወጣል፣ ብርድ ልብሱ ይወጣል፣ ብርድ ልብሱ ይገባል፣ የታጨችለት ድምፁ የለም። በመጨረሻ ይህ ውድድር መጣ፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ ነዋሪነት የማይጠይቅ፣ ዳኞቹም የጸሐፊውን ስም ሳያውቁ የሚያነቡበት። ስሟን ከላይ አጠፋች፣ ከታች አጠፋች፣ ልካ ስታበቃ የፋይሉ መጠሪያ የራሷ ስም ከነአባቷ መሆኑን አየች፤ ደንግጣ የይቅርታ ኢሜይል ጻፈች፣ ይቅርታውንም በሙሉ ስሟ ፈረመችበት። ያን ሳምንትም እንዲሁ እንቅልፍ አልነበራትም።

ታሪኩ የአንድ በር ታሪክ ነው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ የሚያብጥና አልዘጋም የሚል የሳንቃ በር፣ አባትየው በየክረምቱ ነቅሎ የሚልገው፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ደርቆ ክፍተቱ ሰፍቶ በጨርቅ የሚወተፍ፤ አባትየው የሞተ ዓመት በሩ ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ እናትየው ግን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። ይኸው ነው። የእነሱ ቤት በር ነው፣ ሌላ ከየት ታመጣለች። ከትልቁ መተኮሻ ፊት ቆማ፣ አንሶላውን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላ ጫፍ ጓደኛዋ ይዘው ሲያጥፉ፣ መነጋገር በማይቻልበት በዚያ የእንፋሎት ጩኸት ውስጥ ነው አረፍተ ነገሮቹን በልቧ ስትደረድር የከረመችው። ውድድሩ ላይ ግን ርዝመቱ ተወስኖ ስለነበረ ከታሪኩ ቆርጣ መጣል ነበረባት፤ ያንን ብታነሳ ይጎድላል፣ ይህንን ብታነሳ ይፈርሳል፣ መጨረሻ ላይ አባትየው መላጊያውን ይዞ የሚመጣበትን ቦታ አነሳች፤ ሰጋቱራው፣ ዘፈኑ፣ በሩን እንደ ሰው መገሠጹ፣ ሁሉም ሄደ። ታሪኩ ቆመ፣ አልወደቀም፤ እሷም ጥሩ ሆነ አለች፣ ከአንገት በላይ።

ግን በድምፅ ማለት ምን ማለት ነው? ለእናቷ ነው ያነበበችው። እናት ሕዝብ ናት እንዴ? እናቷ ዓይኗ ከደከመ በኋላ ፊደል ለእሷ የጉንዳን መንገድ ሆኖባታል፣ ሐኪሙም ከዚህ የተሻለ አይሆንም ብሏል፤ ስልኩን ግን በጣቷ ዳብሳ የት ተጭና ምን እንደምትሰማ ታውቃለች፣ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። እና አንድ ቀን ጠዋት፣ ከሥራ እንደገባች፣ ጎረቤት እንዳይሰማት ብርድ ልብሱን ተከናንባ፣ የበሩን ታሪክ፣ ገና ምንም ሳይቆረጥለት፣ ከላይ እስከ ታች አንብባ ቀድታ ላከችላት። መሃል ላይ አስነጠሳት፣ ያው የፎጣው ብናኝ ነው፣ ከማሽኑ ቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ያስነጥሳታል፤ እንደገና ከመጀመር ብላ ዝም ብላ ቀጠለች። እናቷ ወደደችው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ላከች፣ እና እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እየላከች ስትመጣ መደወሏ እየቀረ መጣ። ስልክ ላይ እናቷ ትጠይቃለች፣ መቼ ነው የምትመጪው ትላለች፣ የመኖሪያ ፈቃድሽስ ደረሰ ወይ ትላለች፣ ፋይሏ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዱ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል፣ እሷ እንቅልፍ አጥታ ፋይሏ ይተኛል። የተቀዳ ድምፅ ግን አይጠየቅም። ልኮ መገላገል ነው። ይህን ስታስብ ፊቷ ጋለ፣ ትራሱን ገልብጣ ቀዝቃዛውን ጎን ጉንጯ ሥር አደረገች፤ ያኔ ነው ባለፈው ሰሞን እናቷ እንደ ቀልድ ጣል ያደረገችው ነገር ትዝ ያላት፦ የበሩን ነገር እኮ ጎረቤት ሁሉ ወዶልሻል። ጎረቤት ሁሉ። በምን ሰምቶ?

ለታናሽ እህቷ ደወለች። እህቷ ናት እናታቸውን የምታስታምመው፣ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ደጃፍ ባለው ሱቅ ትሸጣለች፣ ማታ ታበስላለች፣ ነገር ሁሉ ቀላል ይመስላታል።

«የበሩን ታሪክ ከእማዬ ስልክ ለሰው ልካችሁታል እንዴ?»

«ለሰው?» አለች እህቷ እየሳቀች፤ «ያልሰማው ሰው ማን አለና።»

ከዚያ ተረከችላት፣ የምሥራች እየነገረች ያለች መስሏት። እናታቸው ፎርዋርድ ማድረግን ማን እንዳስተማራት ባይታወቅም ታሪኩን ለጡረተኛው መምህር ሚስት ትልካለች፣ እሷ አልቅሳ ስታበቃ ለልጇ ትልካለች፣ ልጅቷ ደግሞ ለጸጉር አስተካካዩ፤ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኞቹ ተራ ሲጠብቁ የሚያዳምጡት ትረካ የሚለቅበት ቻናል አለው፣ ድሮ ለቤቱ ብቻ ነበር፣ አሁን ከየቦታው ሰው ገብቶበት ትልቅ ሆኗል። ሥሩ ሙዚቃ አስገብቶበት «ደራሲዋ ካልታወቀች፣ ከሩቅ አገር የተላከ» ብሎ ለቀቀው። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር እንደሰማችው ነገረቻት፣ ሹፌሩ ጸጥ ብሎ ሲነዳ። ለምን አልነገራችሁኝም ብትላት፣ ስትመጪ ወስደን ልናሰማሽ ነበር፣ ደስ እንዲልሽ ብለን ነው አለች። ሊንኩንም ወዲያው ላከችላት።

ጉድ ፈላ። ተነስታ ተቀመጠች። ከዳኞቹ አንዱ ጸጉሩን የሚቆረጠው የት ነው? ሰው ነው፣ የሆነ ቦታ ይቆረጣል። ወይም ታክሲ ተሳፍሮ ሰምቶታል፣ ሰምቶት ረስቶታል፣ ሲያነበው የሆነ ነገር ደስ ብሎት ምን እንደሆነ ሳያውቀው አሳልፎታል፣ ነገ ያስታውሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቻናሉ ላይ ስሟ የለም፤ አንድ ሰው ተነስቶ ይህች ሴት ከሰማችው ትረካ ሰርቃ ነው ቢል ምን ትመልሳለች? የራሷን ታሪክ ከራሷ ሰረቀች ልትባል ነው። ድምፁ የኔ ነው ብትል ደግሞ እንግዲያው በድምፅ ቀርቧል ማለት ነው ይሏታል፣ በዚህም ያዟት፣ በዚያም ያዟት። ከመስታወት ኋላ የተቀመጠችው የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሴት ትዝ አለቻት፣ ከዚህ በላይ የሰጠሁት ቃል እውነት ነው ብለሽ ፈርሚ የምትላት፣ እሷ ራሷ ያኔ የአባቷን የትውልድ ቀን ስትጠየቅ በግምት ነበር የሞላችው፣ የሚያውቅ ማን ነበረና፣ ያቺ ግምት እስከ ዛሬ እንደ እሾህ ትወጋታለች። አሁን ደግሞ ሌላ ቃል። እህቷ ግን ስልኩ ላይ ናት፣ ምን ሆንሽ፣ ለምን ዝም አልሽ ትላለች። ነገረቻት፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እየተንተባተበች። እህቷ ለነገሩ መፍትሔ ለመፈለግ ጊዜ አልወሰደባትም፤ ጸጉር አስተካካዩ የእኛው ሰው ነው፣ ሄጄ አስጠፋዋለሁ አለች፣ ለመምህሩም ሚስት እነግራታለሁ፣ ለእማዬም እነግራታለሁ፣ ማንም ቢጠይቃቸው አልሰማንም ይላሉ፣ አንቺ አልቀረበም ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ። እሷም እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ያህል ቀላል ነው፣ አፍ ራሱ ይለዋል።

ስልኩን ዘግታ ለኢሜይሉ መልስ ጀመረች። «ታሪኩ ከዚህ በፊት በየትኛውም መንገድ ለሕዝብ አልቀረበም» ብላ ጻፈች፣ መላኪያው ላይ ጣቷን አድርጋ ቆየች፣ ገና አይላክም፣ መጀመሪያ ይጥፋ፣ ጠፍቶ ሲያበቃ ከላከችው ውሸት አይሆንም፣ ወይም ያነሰ ውሸት ይሆናል፣ ውሸት መጠን አለው እንዴ እንደ ሳሙና? መጠበቅ ግን አልቻለችም። እህቷ እስክትደርስ፣ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን እስኪጨርስ ምን እያደረገች ትቀመጥ? ለእናቷ የላከችውን ድምፅ ወደ ላይ እየሳበች ፈለገች፣ አገኘችው፣ ያቺ ረጅሟ። ምንጩ ይኸው ነው፣ ምንጩ ከደረቀ የወረደው ሁሉ ይደርቃል፣ በእሷ ቤት እንደዚህ ነበር የሚሠራ የመሰላት። ስልኩ ጠየቃት፣ ለሁለታችሁም ይጥፋ? ይጥፋ። አንዴ ተጫነች፣ ብን አለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ትንሽ ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ እህቷ የላከችላትን ሊንክ ነካች፣ እስቲ ጠፍቶ እንደሆነ ልይ ብላ፣ እና የገዛ ድምፅዋ ከሙዚቃ ጋር ክፍሉን ሞላው። አለ። ምንም አልሆነም። ምንጭ የሚባል ነገር የለም፤ አንዴ የተላከ ነገር በየሰዉ ስልክ የየራሱን ኑሮ ይኖራል። ቁጭ ብላ ሰማችው። የሌላ ሴት ድምፅ ይመስላል፣ የታጠበ፣ የተተኮሰ፤ ማስነጠሷን ሳይቀር ቆርጦ አውጥቶላታል፣ ለነገሩ ሙያው መቁረጥ ነው።

እህቷ ስትደውል ብርሃኑ ግድግዳውን ጨርሶ ጣሪያ ጀምሯል። እንቅልፍ ወስዷት ነበር ወይስ አልወሰዳትም፣ አታውቅም፤ አንሶላ እያጠፈች ነበር፣ አንሶላው አያልቅም፣ በሌላው ጫፍ የያዘችው እናቷ ናት፣ ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ነጻ ወጥተሻል አለቻት እህቷ፤ ጸጉር አስተካካዩ ቅር እያለውም ቢሆን አጥፍቶታል፣ ለደራሲዋ እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ ብሏል፣ ሌላ ካላት ትላክልኝ ብሏል። የመምህሩ ሚስትም እሺ ብላለች። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ፣ እማዬ ጋ ያለውን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ። ሁሉም አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ።»

«እሷ ስልኩን ያበላሸች መስሏታል» አለች እህቷ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ወንበሯን ፀሐይ ላይ አውጥታ ተቀምጣ ስልኩን ስትዳብስ፣ ስትዳብስ፣ ምን ነክቼ ይሆን እያለች እንዳገኘቻት ነገረቻት። እህቷ ብልህ ናት፣ ጸጉር አስተካካዩ ከማጥፋቱ በፊት ለእናቴ ይቅርላት ብላ ወደ ስልኳ ወስዳው ነበር፤ እናታቸውን አይዞሽ ብላ ከፈተችላት። እናትየው መሃሉ ድረስ ጆሮዋን ጥላ ሰማች፣ ከዚያ ስልኩን መለሰችላት። ይቺ የኔዋ አይደለችም አለች። እንዴት አይደለችም፣ ታሪኩ እሱ፣ ድምፁ እሱ። «የኔዋ ታስነጥሳለች» አለች። እህቷ ይህን ስትናገር መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። «አንቺ አታውቂም እንጂ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ስትደርስ ይማርሽ ትላለች። ብላ ደግሞ ትንሽ ትጠብቃለች። ሱቅ ሆኜ ነው የምሰማት።»

የወጣው፣ የወረደው፣ ባዕዱ ሁሉ ታሪኩን ሰምቶ ጠግቦ፣ አንዲት የጠፋባት ሴት ብትኖር እናቷ ሆነች፣ ያጠፋችው ደግሞ እሷ፣ በገዛ ጣቷ። ስጪኝ አለቻት እህቷን፣ አገናኚኝ። የወንበር መንቋቋት ተሰማ፣ የእህቷ እርምጃ፣ ከዚያ የእናቷ ትንፋሽ፣ ስልኩን ከአፏ ጋር አስጠግታ የምትይዝበት ያ ትንፋሽ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች እናቷ።

«እማዬ…»

«አልሰማሁም አልኩ። ታሪክም አላውቅ፣ በርም አላውቅ። ማንም ቢጠይቀኝ ድምፅዋን ከሰማሁ ዘመን ሆነኝ እላለሁ። አንቺ ብቻ ፈቃድሽን አይከልክሉሽ።»

ፈቃድ የሚሰጡት እነዚህ አይደሉም አለቻት፣ ፖሊስም አይደሉም፣ የመጽሔት ሰዎች ናቸው፣ ታሪክ አወዳድረው የሚያትሙ፣ ማንም አንቺን አይጠይቅሽም። እናቷ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ለመጽሔት ብሎ ሰው እንዲህ ይጨነቃል ወይ ብላ ጠየቀች፣ እህትሽ እኮ ፊቷ ጠቁሮ ነው የነገረችኝ አለች፣ እኔም የጠፋው ለደኅንነትሽ ነው ብዬ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ቢሆንም፣ ዋሺልኝ ካልሽኝ እዋሻለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብዋሽ ምን እሆናለሁ አለች። ድምፅዋን ከሰማሁ ዘመን ሆነኝ። ይህ አባባል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፣ ምክንያቱም ብዙም ውሸት አልነበረም፤ ከደወለች ስንት ጊዜዋ ነው? እናቷ ይህን ለዳኞች ልትናገር አዘጋጅታ የያዘችው እንደ ውሸት ነው፣ እሷ ላይ ግን እንደ እውነት ወረደ።

«ቆዪኝ እማዬ፣ አትዝጊው።»

የጀመረችውን መልስ ከፈተች። አልቀረበም የሚለውን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አጠፋችው። አጭር ጻፈች፤ ታሪኩ በድምፅ ተሰምቷል፣ ሳላውቅ በብዙ ሰው ተሰምቷል፣ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ። ላከችው። አመማት፣ አላመመኝም ብትል ውሸት ነው፤ በየፎጣው ከረጢት ላይ ተቀምጣ የፈለገችው፣ ደጅ የጠናችው፣ ስሟን ያጠፋችበት፣ አባቷን የቆረጠችበት፣ ሁሉም በአንድ ጣት ሄደ፣ እንባዋም መጣ፣ በእጅጌዋ ጠረገችው። መልስ ወዲያው ገባ፣ ፈጥና ከፈተችው፣ ማሽን ነው፦ መልእክትዎ ደርሶናል፣ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን። ከወዲያ በኩል እናቷ፣ አለሽ ወይ፣ ጠፋሽ እንዴ ትላለች።

አለሁ አለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለቻት፣ ስልክሽ ምንም አልሆነም፣ አሁን አነብልሻለሁ። እናቷ ቀድተሽ ላኪው፣ ደክሞሻል ተኚ ብትላትም እንቢ አለች፣ አይ፣ አሁን፣ እንዲህ እንደሆንን። ለውድድር የላከችውን ፋይል እዚያው ስልኩ ላይ ከፍታ፣ የእናቷን ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ለቃ ማንበብ ጀመረች። ብርድ ልብስ አልተከናነበችም፤ ጎረቤትም ከሰማ ይስማ። ክረምቱ ገባ፣ በሩ አበጠ፣ እናትየው በትከሻዋ ገፋችው፣ ልጆቹ ተደርድረው ገፉት፣ አልዘጋም አለ፣ ዝናቡ እስከ ምድጃው ገባ። እናቷ ትንፋሿ ይሰማል፣ አንዳንድ ቦታ አረፍተ ነገሩን ቀድማት ትጨርሳለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ በጋ ሆነ፣ የበሩ ክፍተት ሰፋ።

«ቆይ» አለች እናቷ። «አባትሽ የት ሄደ?»

ፋይሉን ወደ ላይ መልሳ ሳበችው።

«መላጊያውን ይዞ የሚመጣው እዚህ ጋ እኮ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ።»

«በዛ አሉኝ እማዬ። ርዝመቱ ተወስኗል፣ ቀንሺ አሉኝ።»

«አባትሽን ነው የበዛ ያሉት?»

ሳቋ መጣ፣ ለቅሶዋም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም። ከፋይሉ ላይ የለም፣ ከጣለችው ቆይቷል፣ በቃሏ መሄድ አለባት። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሞከረች። አባትየው መጣ፣ ኮቱን አወለቀ። «ሚስማር ላይ ሰቀለው» አለች እናቷ። ሚስማር ላይ ሰቀለው፣ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ሁለት በርሜል ላይ አጋደመው፣ ዘንድሮስ ምን አስኮረፈህ አለው፣ እየዘፈነ ላገው፣ ሰጋቱራው ጢሙ ላይ ተነሰነሰ፣ ልጆቹ… ልጆቹ ምን አደረጉ? «እፍ አሉለት» አለች እናቷ። ልጆቹ ተሰብስበው ጢሙን እፍ አሉለት፣ ብናኙም ቤቱን ሞላው።

ያን ጊዜ ያስነጠሳት እዚህ ጋ ነበር። የፎጣው ብናኝ አፍንጫዋ ውስጥ የለም፣ ማስነጠሱም አልመጣም፤ የቆመችው የሚቀጥለው ቃል ጠፍቷት ነው።

«ይማርሽ» አለች እናቷ።

«ያኑርሽ፣ እማዬ።»

ከወዲያ በኩል ወንበሩ ተንቋቋ።

«በይ ቀጥዪ» አለች እናቷ።